የሰፈሩ ላሞች የነጠፉ ጊዜ

ቂም አልይዝም የሚል ሰው አላምንም። እኔ እይዛለሁ። አራተኛ ክፍል ሳለን እስክሪብቶዬን ሰብራ ይቅርታ ሳትለኝ የቀረች ልጅ ነበረች፤ አድጋ ስትዳር ሰርጓ ላይ አልሄድኩም። ሰው ሁሉ «ምን አድርጋሽ ነው?» ሲለኝ «እሷ ታውቀዋለች» ብዬ ዘጋሁት። እሷ ደግሞ አታውቀውም ነበር። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ሆድሽ ጎተራ ነው፤ የገባበት አይወጣም» ትለኛለች። ራሷን ግን የይቅርታ ሰው አድርጋ ነው የምትቆጥረው። እኔም ብዙ ዘመን እንደዚያ ነበር የማውቃት።

አሁን የምጽፈው ስለ አንዲት ጎረቤታችን ነው። ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከእኛ ጋር አጥር ለአጥር የምትኖር የወተት ነጋዴ ናት። ፊት ለፊት ሳገኛት «እርስዎ» ነው የምላት፤ ዕድሜዋ ግድ ይለኛል። እዚህ ግን አንቱ አልላትም፣ ወረቀቱ የእኔ ነው። ግቢዋ ሰፊ ነው። የፈረንጅ ላሞቿ ወገብ ጠረጴዛ ያህላል። ወተቷን ለካፌዎች ታስረክባለች፤ እሁድ እሁድ ነጭ ለብሳ ቸርች ትሄዳለች፤ እዚያ መዘምር ናት። ድምጿ ያምራል። ላም እያለበች ስትዘምር ሰምቼ እጄን ከሥራ ያቆምኩበት ጠዋትም ነበር። ከዚያ ነገር በፊት ነው እሱ።

እኛ የኪራሙ ሰዎች ነን፤ ከነቀምቴ ራቅ ያለ ወረዳ ነው። አባቴና እናቴ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚያ ሰፈሩ። እኔ እዚያ ተወለድኩ፣ አባቴ እዚያ ተቀበረ። ኋላ አገሩ ሲታወክ ወጣን፤ ያንን አልዘረዝረውም። ከቤታችን የተረፈን ነገር አንዲት ጥጃ ናት። እናቲቱን ላም ማምጣት አልተቻለም፤ ጥጃዋን ግን እናቴ አቅፋ ኢሱዙው ላይ ወጣች። ሹፌሩ «እማማ፣ ለሰውም ቦታ የለኝ» ሲላት «እንግዲያው እኔን አውርድና እሷን ጫናት» አለችው። ጥጃዋ መንገዱን ሙሉ የእናቴን ነጠላ ጫፍ እየጠባች ነቀምቴ ገባች። የላሞቹን ዘር የጀመረው አባቴ ነው። ስለዚህ ያቺ ጥጃ ለእኛ ከብት ብቻ አልነበረችም፣ ከአባቴ ቤት የቀረች ነገር ናት።

አንድ ነገር ካልተናገርኩ ግፍ ይሆንብኛል። ነቀምቴ ስንደርስ ብርድ ልብስ ያዋሱን፣ ለጥጃዋ የቆርቆሮ ዳስ ያቆሙልን፣ እናቴን «አይዞሽ አዴ» እያሉ ያቀፏት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ አዴ ማለት በኦሮምኛ የትልቅ ሴት መጠሪያ ነው። ዛሬም ድረስ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ ማለት ነው፣ ሳይሏት የሚያልፉ የሉም። የእኔ ቂም ከአንዲት ሴት ጋር ነው።

ጥጃዋ አድጋ ጊደር ሆነች። እዚህ ከተማ ከብት የሚያረባ ሰው ሁሉ የጠላ አተላ ያበላል፤ ርካሽ ነው፣ ያወፍራልም። እናቴ ግን «የመጠጥ ዝቃጭ ደጄን አይረግጥም» አለች። ምን ይደረግ። እኔ ከምሠራበት ምግብ ቤት የጎመን ግንድና የድንች ልጣጭ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሜ እመጣለሁ፤ ፉሩሽካ እንገዛለን፤ እናቴ ከሰዓት ወደ ወንዙ ዳር ይዛት ትወርዳለች። ከእኛ ጉሮሮ እየነጠቅን ነበር የምናበላት። እናቴ አንድ ቀን ቁጭ ብላ አሰበችበትና ቁርጡን ነገረችኝ። «ይህ ክረምት ሳይወጣ ጥጃ ካልያዘች ለሥጋ ቤት ትሸጣለች። እኔም አንቺም አንችላትም።» ይህን ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ወሬው መጣ። ባለሙያዎች ለሰፈሩ ጊደሮች መርፌ ይዘው ሊመጡ ነው ተባለ። ነገሩ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው፦ ጊደር ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ከወር አንድ ቀን ብትሆን ነው፤ ያቺ ቀን ካመለጠች አመለጠች። በመርፌው ግን ጊደሮቹ በአንድ ቀን ይወጋሉ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ሁሉም አብረው ኮርማ ይፈልጋሉ፣ ያኔ አዳቃዩ የኮርማ ዘር በብርድ የሚቀመጥበትን የናይትሮጅን ዕቃ ይዞ ይመጣና በአንድ ጠዋት ተራ በተራ ያዳቅላቸዋል። ማን ጮኸች፣ ማን ዘለለች ብሎ መጠበቅ የለም። ለእኛ ይህ ከሰማይ የወረደ ነው። ብቻዋን ታስራ የምትውል ጊደር ማን ላይ ትዘላለች? እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ እናቴ ዓይኗ ደክሟል። ስንት ጊዜ ፈልጋ ስንት ጊዜ እንዳመለጠን እንጃ።

መድኃኒቱ ለሁሉም አይበቃም ተባለ። በደንብ የበላች፣ ጤነኛ የሆነች፣ ያላረገዘች ጊደር ያለው ይምጣ። በተባለው ቀን ከምግብ ቤቱ አስፈቅጄ ቀረሁ፤ ጊደሯን አጥበን፣ እናቴ አንገቷ ላይ አዲስ ገመድ አስራላት፣ ሜዳው ላይ ወጣን። ሜዳው የክረምት መግቢያ ጭቃ ነው። ከብቶቹ የሚቆሙበት የእንጨት ማሰሪያ ተተክሏል። አዳቃዩ እስከ ትከሻው የሚደርስ የላስቲክ ጓንት አጥልቆ ጊደሮቹን በየተራ ውስጣቸውን በእጁ ይዳስሳል። ሰው አክባሪ ጎልማሳ ነው። የእኛን ዳሰሰና «ጥሩ ናት እማማ፣ ማህፀኗ ንጹሕ ነው» አላት። እናቴ «አልሃምዱሊላህ» አለች። መርፌውን አነሳ።

ያኔ ያቺ ሴት ከጎን ብቅ አለች።

«እሷን እንኳን ተዋት፣ ልጄ» አለችው፣ እዝነት በተሞላ ድምፅ። «ባለፈው ሳምንት የእኔ ኮርማ ገመዱን በጥሶ ወንዙ ዳር ወጥቶባታል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

አዳቃዩ መርፌውን መለሰ።  «ውሸት ነው» አልኩ። «ማን አየ? መቼ?» እሷ ወደ እኔ ዞር እንኳን አላለችም፤ እናቴን ነው የምታያት። «አዴ፣ ከሰዓት ይዘዋት ወርደው አልነበር? ሶላት ላይ ነበሩ። እርስዎን ከሶላት ማቋረጥ ነውር ሆኖብኝ ነው ዝም ያልኩት።»

እናቴ ገመዱን ወደ ራሷ ሳበች። ልክ ነው፣ ወርዳለች። ልክ ነው፣ ጊደሯን ለቃ ቁጥቋጦ ስር ሰግዳለች። ሰው ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ ከብት አይጠብቅ። ያቺ ሴት ያየችው ያንን ነበር፤ የእናቴን ስግደት አይታ፣ ውሸቷን እዚያ ላይ ሰካችው።

አዳቃዩ ራሱን ነቀነቀ። «የሳምንት ከሆነ በእጄ አላገኘውም፤ ገና ነው። መርፌው ደግሞ የያዘችውን ያስወርዳታል» አለ። እኔ «ግድ የለም፣ ይወጋት» አልኩ። እሱ ወደ እናቴ አየ። እናቴ ደግሞ ፊቷ በርቷል። ያንን ፊት አልረሳውም። «ኧረ ወዲያ» አለችኝ። «አላህ የሰጠውን ነፍስ በመርፌ አላስወርድም። ይዛለች አሉሽ እኮ።» ብላ ጊደሯን ፈትታ፣ እየመረቀች፣ ሴትየዋን ሳይቀር እየመረቀች ወደ ቤት ይዛት ሄደች።

እኔ ቆየሁ። በእኛ ቦታ ማን እንደሚገባ ማየት ነበረብኝ። ሴትየዋ ከተፈቀደላት ቁጥር በላይ አንድ ትርፍ ጊደር አምጥታ አጥሩ ጥግ አስራ አቁማለች። ፈታችና አስገባቻት። ዓይኗን በጨው አጥባ አጠገቤ አለፈች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳስበው አንጀቴ ያርራል። እናቴ ጊደሯ አርግዛለች ብላ አመነች። እኔ «እማ፣ ዋሽታሽ ነው» ብላት «ሰውን በሌለበት አትሚ፣ ሐራም ነው» ትለኛለች። ለእርጉዝ ይከብዳታል ብላ ወንዝ መውረዱን አስቀረች፤ ውሃውን በጄሪካን እየተሸከመች ግቢ ድረስ አመጣችላት። ከራሷ ቁርስ ቆርሳ በጨው አሽታ ታበላታለች። ለሚመጣው ጥጃ አሮጌ ብርድ ልብሷን አጥባ አስቀመጠች። ለሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ተናገረች። ማታ ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ ትርፍ ስትሰግድ እሰማታለሁ፤ ምን እንደሆነ ስጠይቃት «የሹክር ነው፣ ለጥጃው ምስጋና» አለችኝ። ዳሱ ውስጥ ጊደሯ አንዳንድ ቀን ስትጮህ «ሆዷ ከብዷት ነው» ትላለች። ኮርማ እየፈለገች እንደሆነ አሁን ነው የሚገባኝ። በዚያን ጊዜ እኔም ከከብት ይልቅ ድስት ነበር የማውቀው።

ክረምቱ ሊጋመስ ሲል አዳቃዩ ተመልሶ መጣ፤ የተዳቀሉት መያዝ አለመያዛቸውን ሊያይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። የሴትየዋ ጊደሮች አብዛኞቹ ይዘዋል፤ በእኛ ቦታ የገባችውም ይዛለች። እናቴ ሳትጠራ ጊደሯን ይዛ ወጣች። ለማጣራት ሳይሆን ለመስማት ነው የወጣችው፤ ሰው ሁሉ ባለበት «አለ» ሲላት ልትሰማ። እሱ እጁን አስገባ። ቆየ። እንደገና ዳሰሰ። ሲያወጣው ዓይኑ መሬት ላይ ነበር።

«ባዶ ናት እማማ» አላት ቀስ ብሎ።

እናቴ አልገባትም መሰለኝ፣ ፈገግ እንዳለች ቀረች። ሴቶቹ አቀረቀሩ። ያቺ ሴት ደግሞ «ውይ፣ እንግዲህ ኮርማው አልያዘላትም ማለት ነው» አለች። ምን ብዬ ልሟገታት? ኮርማ ወጥቶ አለመያዝ ያለ ነገር ነው። ለውሸቷ መውጫ በር አበጅታ ነው የገባችበት።

ያጋለጣት ባሏ ነው። ባሏ ደግ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ከጀርባዋ ቆሞ ነበርና የዋህ ሰው አይደል፣ «የትኛው ኮርማ?» አለ። «የእኛ ኮርማማ መርፌው የመጣ ሰሞን እግሩን ታሞ ከተኛበት አልተነሳም። ውሃ በባልዲ የማጠጣው እኔ አልነበርኩ?» ከዚያ የሚስቱን ፊት አየና አፉን ያዘ።  እሷም ጊደሮቿን ነድታ ሄደች።

እናቴ ጊደሯን ወደ ቤት መለሰቻት። ገብታ ያጠበችውን ብርድ ልብስ ከመደርደሪያው አወረደችና የራሷ አልጋ ላይ አነጠፈችው። «እማ» አልኳት። «ተይኝ። ለአላህ ሰጥቻታለሁ» አለች። በነጋታውም ሴትየዋን በር ላይ አግኝታ እንደ ወትሮዋ «አካም ቡልቴ» አለቻት። ጤና ጠየቀቻት። እኔ ከውስጥ ሆኜ ስሰማ ጥርሴን ነከስኩ።

እኔ ለማንም አልሰጠኋትም። በዚያ ሰሞን በሐሳቤ ያላደረግኳት የለም። ካፌዎቹ ዘንድ ሄጄ «ወተቷን ውሃ ታበዛለች» ልላቸው ነበር፤ ውሃ አታበዛም፣ ይህንን እመሰክርላታለሁ። አጥሯን ልነቅል ነበር። ቸርቿ በር ላይ ቆሜ ስትወጣ ጉዷን ላወራ ነበር። እንቅልፍ ሲነሳኝ ከአልጋዬ ላይ የምላትን እለማመዳለሁ፤ እንዲህ ስትለኝ እንዲህ እላታለሁ እያልኩ። ጠዋት ስነሳ ግን ጊደሯ ትጠብቀኛለች። ክረምቱ እያለቀ ነው። የሥጋ ቤት ደላላው አንድ ከሰዓት መጥቶ ዳሌዋን መታ መታ አድርጎ ሄዷል።

ስለዚህ ቂሜን ይዤ ሥራ ጀመርኩ። አዳቃዩን ቢሮው ድረስ ሄጄ «መርፌው ካለፈኝ ምን ይሻለኛል?» አልኩት። «ዓይንሽ ይሻልሻል» አለኝ፤ የሚታየውን ምልክት ነገረኝ፤ ጭራዋ ስር የሚዝረበረብ ንጹሕ ፈሳሽ፣ መብላት መተው፣ መጮህ፣ ሌላ ከብት ሲዘልባት ቆማ መቀበል። ምግብ ቤቱን ለምኜ የጠዋት ሥራዬን ወደ ከሰዓት አስቀየርኩ። ጎህ ሲቀድ ዳሱ ውስጥ ነኝ፣ ማታም ዳሱ ውስጥ ነኝ። ከላይ ሰፈር አንዲት ሴት ወይፈኗን ለጥቂት ጠዋት አዋሰችኝ፤ የተቀጠቀጠ ነው፣ ምንም አያመጣም፣ ግን መዝለሉን አልረሳም። አንድ ጠዋት ዝናብ እየጣለ ጊደሯ አገሳች። ወይፈኑ ዘለለባት፣ ቀጥ ብላ ቆመችለት። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። እናቴ ጭራዋን አንስታ አይታ፣ ፈሳሹን በጣቷ ነክታ «አጃኢብ» አለች። «ስትጮህ የነበረው ለካ ይህ ነው።» ከዚያ ዳሱ ጥግ ተቀምጣ፣ በእነዚያ ወራት ሁሉ ያላለቀሰችውን አለቀሰች።

አዳቃዩ ከሰዓት በኋላ በባጃጅ መጣ፤ ናይትሮጅኑን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አቅፎት፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ። ጥያቄ አላበዛም። ሥራውን ሠርቶ እጁን ታጥቦ ሄደ። ደላላው በሳምንቱ ቢመለስ «ቆይ» አልነው፤ ፊቱን ቋጥሮ ሄደ። እናቴም እኔም ከዚያ ወዲያ ስለ ጊደሯ አልተናገርንም። እናቴ ወንዝ አወረደቻት፣ እንደ ማንኛዋም ከብት አዋለቻት፤ የምትቆርስላት ቁርስም ቀረ። አንድ ቀን ብቻ «ሰው በእጁ ዳስሶ ካልነገረኝ ከእንግዲህ የማንንም ዓይን አላምንም» አለች። ጊዜው ደርሶ አዳቃዩ መጥቶ ዳሰሰና «አለ፣ እማማ» አላት። «ድገመው» አለችው። ደገመላት። ሦስተኛ ጊዜ ልታስደግመው ስትል እሱም እኔም ሳቅን።

የሰፈሩ ጊደሮች ባንድ ጠዋት እንደተዳቀሉ ባንድ ሰሞን ወለዱ። እንዲህ ነው መርፌው። ግቢው ሁሉ ጥጃ በጥጃ ሆነ፣ ወተት ተትረፈረፈ፣ ሰው የሚገዛ አጥቶ ለጎረቤት ሲያድል ከረመ። የእኛዋ ከወራት በኋላ ብቻዋን ወለደች። ሴት ጥጃ። ያቺ ሴት በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ዘገያችሁ እኮ፣ ገበያው ሞልቷል» አለችኝ፤ ልታጽናናኝ መሆኑ ነው። እኔም «ለሁሉም ጊዜ አለው፣ እትዬ» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ ያኔ እኔም አላውቀውም ነበር።

ጊዜው የመጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። ከወለዱ በኋላ ለሰፈሩ ላሞች እንደገና መርፌው መጣ፤ የእኛዋ ገና አራስ ስለነበረች አልገባችም። እነሱ እንደገና ባንድ ጠዋት ተዳቀሉ፣ እንደገና አብረው አረገዙ። ላም ደግሞ ልትወልድ ስትቃረብ መታለቧ ይቆማል፤ ጥጃው ሆዷ ውስጥ እንዲደላው፣ ጡቷም እንዲያርፍ። እንግዲህ ሁሉም አብረው አርግዘው የለ፣ ሁሉም አብረው ነጠፉ። ይህንን ማንም አላሰበውም፣ ባለ ብዙ ላሞቿ ሴትዮ ጭምር። አሮጌ ላሞቿን ሸጣ በመርፌ የተዳቀሉትን ብቻ ነበር የያዘችው። ከካፌዎቹ ጋር ተጣላች። በሰፈሩ ውስጥ የምትታለብ ላም አንዲት ብቻ ሆነች፤ ያቺም ከኪራሙ በኢሱዙ የመጣችው ናት። ጠዋት ጠዋት ጆግና ጠርሙስ የያዘ ሰው ደጃችን ላይ ይሰለፍ ጀመር።

በዚያው መሃል የሴትየዋ ባል ታመመ። ሆስፒታል ገብቶ ሆዱን ተቀዶ ወጣ። ምግብ አይረጋለትም፣ ከወተት በቀር። የዱቄቱን ወተት ያስመልሰዋል፣ ከገበያ በላስቲክ የሚመጣውን ሆዱን ያጮኸዋል። ላሞች የሞሉበት ግቢ ባለቤት ለባሏ አንድ ብርጭቆ ወተት አጣች።

መጀመሪያ ሠራተኛዋን ላከች። «አልቋል» አልኳት፤ ሙሉው ጄሪካን አጠገቤ ቆሟል። በነጋታውም ላከች፣ «አልቋል» አልኳት። ሠራተኛዋ ጄሪካኑን አየችው፣ እኔንም አየችኝ፣ ሄደች። እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ስለ ባሏ አላሰብኩም ማለት አልችልም፤ አስቤያለሁ። አስቤም «አልቋል» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ራሷ መጣች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ፣ ጆጓን ከነጠላዋ ስር ደብቃ፣ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ ከኋላዋ ሌሎች ተሰልፈው ነበር፤ የተለማመድኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ።

«እትዬ፣ ላማችንን አላወቋትም?» አልኳት። «ኮርማዎ የወጣባት እኮ ናት። በዓይንዎ አይተው የለ?»

 ጆጓን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ማሎ፣ ልጄ» አለች፤ እባክሽ ማለቷ ነው። «ሰውየው ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም።»

«አይተዋል ወይስ አላዩም?»

«አላየሁም።»

«ኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ቀና አለች። ያ ላም እያለበች የምትዘምርበት ድምጿ ነው የወጣው። «አላየሁም። ኮርማው አልወጣባትም። ቦታውን ፈልጌው ነው።»

ስጠብቀው የከረምኩት ይህ ነበር። እጄ ወደ ወተት መቅጃው ሄደ፤ ልስጣት ወይስ አልስጣት ገና አልወሰንኩም። ያኔ እናቴ ከዳሱ ወጣች። አሁን ያለበችውን፣ አረፋው ያልወረደውን ባልዲ ይዛለች። ሰልፉን ሁሉ አልፋ መጣችና ጆጉን ከሴትየዋ እጅ ተቀብላ እስከ አፉ ሞላችላት። አፍሬባት፣ ተናድጄባት ዓይኔን ጨፈንኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የቋጠርኩትን በአንድ ባልዲ ደፋችው ብዬ ነው።

ሴትየዋ ብር ዘረጋች። እናቴ እጇን በቀስታ መለሰችው።

«ያዢው። ገንዘብ አልቀበልም» አለቻት፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ። «ሰደቃ ነው።»

ሰደቃ ለማን እንደሚሰጥ በዚያ ሰልፍ ላይ የቆመ ጴንጤም ኦርቶዶክስም ያውቃል። ለደሀ ነው፣ ለለማኝ ነው፣ ከመስጊድ በር ላይ እጁን ለዘረጋ ነው። ባለ ሰፊው ግቢ፣ ባለ ፈረንጅ ላሟ ሴት፣ ከተፈናቃይ አሮጊት እጅ ሰደቃ ይዛ ቆመች። ብሩ እጇ ላይ ተጨማደደ።

«ነገም ነይ» አለቻት እናቴ። «ግን ራስሽ ነይ፤ ለሠራተኛ አልሰጥም። ሰደቃ ለባለቤቱ እጅ ነው የሚሰጠው።»

ሰልፉ ከተበተነ በኋላ እናቴ ባልዲውን ስታጥብ አጠገቧ ቆምኩ። «ይቅር አልሻት ማለት ነው?» አልኳት።

ባልዲውን ደፍታ አንጠፈጠፈችው። «ማን ነው ይቅር ያለው?» አለችኝ። «ለሌለ ጥጃ ስንት ሌሊት ነው ግንባሬን መሬት ላይ የደፋሁት? በስግደቴ ነው የዋሸችብኝ። ባሏ ምን አጠፋ፣ ይጠጣ፤ አላህ ይማረው። እሷ ግን ላሞቿ እስኪወልዱ ድረስ በየጠዋቱ እዚህ ደጅ ቆማ ሰው እያያት ከእጄ ትቀበል።» ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ጸሎቷ ገባች።  የእኔ ጎተራ የማን ጎተራ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

በየጠዋቱ መጣች። እናቴ ሁልጊዜ ከሁሉም በፊት ለእሷ ትቀዳለች፤ ጤና ትጠይቃለች፤ ስለ ባሏ ትጠይቃለች፤ «ኢንሻአላህ ነገ» ትላታለች። ብር ዳግም አልዘረጋችም። አጥሩ ማዶ መዘመሯን ተወች። ባሏ ዳነ፤ በእግሩ መጥቶ እናቴን ሁለት እጇን ይዞ ሳመ፤ እናቴም ከልቧ አቀፈችው።

ላሞቿ በወለዱ ጊዜ፣ እንገሩ አልፎ ወተቱ ሲጠራ፣ ያቺ ሴት ትልቁን ጆጓን ሞልታ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና ደጃችን መጣች። ደስ ብሏታል፤ በስንት ጊዜዋ ፊቷ ተፈቷል። ውለታዋን ልትመልስ ነው፣ ልትገላገለን ነው። «አዴ፣ ይኸው፤ ለእርስዎ ነው» ብላ በሁለት እጇ ዘረጋች።

እናቴ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ወተቱን አየችው፣ አመሰገነች፣ መልሳ ሸፈነችው። ጆጉንም ከዘረጋችበት እጅ ላይ አልተቀበለችም።

«አልሃምዱሊላህ፣ እኛ ቤት አለ» አለቻት። «ለተቸገረ ስጪው።»